ወንድ ወይስ ሴት ቡችላ?

"ሴቷ የረጋች ናት ይባላል፣ እውነት ነው?" ብለህ ለጠየቅከው፦ ጾታ ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ከሆርሞን የሚመጣው ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ባገኘው ግድግዳ ላይ ይሸናል፤ የሴት ሽታ ከደረሰው ደግሞ አጥር ዘሎ ይጠፋል። ማኮላሸት ይህን ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። ፈሪውን ግን ደፋር አያደርገውም!

ሴቷ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት በአብዛኛው በዓመት 2 ጊዜ ይመጣል፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። ያን ሰሞን ደም ታንጠባጥባለች፣ ልትነጫነጭም ትችላለች። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በርህ ላይ ይሰለፋል።

ቤት ሌላ ውሻ ካለህ ግን ጾታው ቁም ነገር ነው። በተለይ ሁለት ሴቶች ከተጣሉ ማስታረቁ ይከብዳል። ወንድና ሴት ይሻላሉ፣ ካስመከንካቸው ማለቴ ነው።

ከተቻለ እናትየዋን ሄደህ እያት። እንግዳ ሲመጣ ከሸሸች ወይም ከተናከሰች ሌላ ቡችላ ፈልግ።