ብሬ የት ገባ? ለሕክምና ምርምር ስለሚሰጥ ገንዘብ የጠየቃችሁኝ

ለሕክምና ምርምር መዋጮ ስለሚሰበስቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁ። አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችሁ ነው የጻፋችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ አለባት። መሥሪያ ቤታችን ለፓርኪንሰን ምርምር መዋጮ እየሰበሰበ ነው። ብሰጥ ለእናቴ ምን ይፈይድላታል?

መልስ፦ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ለዘንድሮ ምንም። ለምርምር የሰጠሽው ብር አስታማሚ አይቀጥርላቸውም፣ መድኃኒትም አይገዛላቸውም። የተመራማሪ ደመወዝና የላቦራቶሪ ዕቃ ነው የሚሆነው። ሙከራውም ሳይሳካ ሊቀር ይችላል።

ግን እዚያው አሜሪካ የሆነውን ስሚ። ሩዝቬልት በ1921 እግራቸውን ሽባ ያደረገ በሽታ ያዛቸው፤ ፖሊዮ ነው ተባለ። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በ1938 ፖሊዮን የሚዋጋ ድርጅት አቋቋሙ። ሕዝቡ ዳይም፣ ማለትም ዐሥር ሳንቲም፣ በፖስታ እያሸገ ወደ ዋይት ሀውስ ይልክ ጀመር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ዳይም ገባ፤ የፖስታ ክፍሉ መፈናፈኛ አጣ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደምንለው ነው። ድርጅቱ የዮናስ ሳልክን ምርምር ደገፈ፤ በ1954 ወደ 1.8 ሚሊዮን ሕፃናት የተሳተፉበትን የክትባት ሙከራም በገንዘብ ቻለ። ክትባቱ ይሠራል የተባለው በ1955 ነው። አስይው፤ 17 ዓመት። በ1938 ዳይሟን የላከች እናት፣ ልጇ በማግስቱ ቢታመም ክትባቱ አልደረሰለትም። ለልጅ ልጇ ደረሰ።

ስለዚህ መጀመሪያ እናትሽን። ከተረፈሽ ለምርምሩ። ደግሞ የሚፈለገው ብር ብቻ አይደለም። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ2000 ያቋቋመው የፓርኪንሰን ድርጅት በጥናት የሚሳተፉ ሰዎችንም ይፈልጋል። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ውስጥ ጥቁሮች በጣም ጥቂት ናቸው። እናትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው። እኛ አገር በዕርዳታ ብር ምርምር ተሠርቶ ያውቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዘነበወርቅ አልፈህ ታውቃለህ? አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። አህሪ ይሉታል። በ1970 ያቋቋሙት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። የተሰየመው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ዛሬ ጤና ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ከሥጋ ደዌ አልፎ ቲቢና ሌላም ያጠናል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የዝሆኔ ነገር ነው። ዝሆኔ የምንለው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። አንዱ በትንኝ ከሚመጣ ትል ነው። ሌላው ከአፈር ነው፤ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ዓመታት ከመሄድ። ይሄኛው በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ታዲያ በአንድ ማሳ፣ ሁለቱም በባዶ እግር ሲያርሱ ኖረው ወንድምዬው ለምን ያብጣል፣ ጎረቤቱ ለምን ይተርፋል? ይህን ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ወላይታ ውስጥ አጠኑት፤ ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ዌልካም ትረስት ከሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው። በ2012 ባወጡት ጽሑፍ አንዳንድ ሰው በዘር በወረሰው የሰውነት መከላከያ ምክንያት አፈሩ በቀላሉ እንደሚያሳምመው አሳዩ። እርግማን አይደለም ማለት ነው። ግን "ዘር" የሚለው ቃል መንደር ሲደርስ ሌላ ትርጉም አለው፤ የሚያገባም የሚያጋባም ይሸሻል። ጫማ ያደረገ አይታመምም የሚለውን አብሮ ካልነገሩ ጥናቱ ራሱ ጉዳት ነው።

ከዚያ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ፤ ዌልካም ትረስት እዚህም አለበት። ሕክምናው ቀላል ነው። እግሩን ጠብታ በረኪና ባለው ውኃ ዘፍዝፎ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ። በዓመቱ ትኩሳትና ሕመም የሚያገረሽባቸው ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ለገበሬ ይሄ ማሳ ላይ የሚውልባቸው ቀናት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከመስጠቴ በፊት ከመቶ ስንቱ ለቢሮ ወጪ እንደሚውል ነው የማየው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ግማሽ ልክ። የእኛም ሕግ፣ በ2019 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። አሜሪካ ያላችሁ ድርጅቶቹ በየዓመቱ ለግብር ቢሮ የሚያቀርቡትን የሒሳብ ሪፖርት፣ ፎርም 990ን፣ በነፃ ታያላችሁ። እኔ ግን ምርምሩን ማን መረጠው ብዬ ነው የምጠይቀው። በሙያው ያሉ የውጭ ሰዎች ሳይገመግሙት ብር የሚሰጥ ድርጅት ሒሳቡ ቢያምርም አልወደውም።

ጥያቄ፦ በእኛ መዋጮ መድኃኒት ይሠራና መልሶ በወርቅ ዋጋ ይሸጥልናል። ይሄ ግፍ አይደለም? (ከለንደን)

መልስ፦ ግፍነት አለው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚያፍን በዘር የሚመጣ በሽታ ነው። ሕሙማኑ ጥቂት ስለሆኑ ኩባንያ ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር። የአሜሪካው የሕሙማኑ ድርጅት ቨርቴክስ የተባለውን ኩባንያ በመዋጮ ብር ደገፈ። በ2012 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 300 ሺህ ዶላር ተተመነ። ድርጅቱ ከመድኃኒቶቹ ሽያጭ የሚያገኘውን ድርሻ በ2014 በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። መድኃኒቶቹ እውነት ሕይወት አስረዝመዋል፤ አልክድም። ግን ብሩን ሲሰጡ ዋጋውን በውል ማሰር ነበረባቸው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ያ በረዶ ውኃ አናት ላይ መድፋት ዝም ብሎ ጨዋታ አልነበረም?

መልስ፦ ጨዋታም ነበር። በ2014 ክረምት ኤኤልኤስ ለተባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ ለሚያሽመደምደው የነርቭ በሽታ ለቆመው የአሜሪካ ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። በዚያ ብር አንድ ከበሽታው ጋር የተያያዘ ዘረመል (ጂን) ተገኝቷል። በከፊል በዚያ ብር የተደገፈ መድኃኒት ደግሞ በ2022 ተፈቅዶ፣ ትልቁ ሙከራ ስላልተሳካ በ2024 ከገበያ ወጣ። ምርምር እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። አገር ቤት ዝሆኔ ያለባቸው አጎት አሉኝ። ያገለገለ ጫማ ሰብስቤ ልላክ?

መልስ፦ ለቤቱ ልጆች ላኪ፤ ሳይታመሙ ይጠቅማቸዋል። ለአጎትሽ ግን ያበጠ እግር ተራ ጫማ ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም ያቆስላል። በልክ የተሰፋ ነው የሚያስፈልጋቸው። ወረቀት ላይ ይቁሙና አንዱ በእርሳስ ዙሪያውን ይሳልላቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸውንም በሜትር ይለኩላቸው። ልኩን ለአካባቢው ጫማ ሰፊ ስጪ፣ ብሩን አንቺ ላኪ። ካልሲውን ከዚያ ግዢ፤ ጥጥና ሰፋ ያለ ይሁን።