የፍሳሽ መስመርና ሴንሰር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ በፍሳሽ መስመር ላይ የሚተከለው ሴንሰር (የመለኪያ መሣሪያ) ቱቦው መዘጋቱን የሚያውቀው ውስጡን እያየ ነው?

መልስ፦ አያይም፤ በአብዛኛው የሚለካው የፍሳሹን ከፍታ ብቻ ነው። በማንሆሉ (ወደ ፍሳሽ መስመሩ በሚያስገባው ክዳን ያለው ጉድጓድ) አናት ሥር የሚሰቀለው መሣሪያ የአልትራሳውንድ ወይም የራዳር ሞገድ ወደ ታች ይለቅና ሞገዱ ነጥሮ እስኪመለስ ከወሰደው ጊዜ ተነሥቶ ርቀቱን ያሰላል። መዘጋቱን የሚናገረው ግን የሁለት ማንሆሎች ንጽጽር ነው፦ በላይኛው ከፍታው ጨምሮ በታችኛው ከቀነሰ እንቅፋቱ በመካከላቸው አለ ማለት ነው። በሁለቱም ከጨመረ ግን መነሻው ዝናብ ወይም ከዚያ በታች ያለ መዘጋት ሊሆን ስለሚችል፣ የዝናብ መለኪያ አብሮ መኖር አለበት። ቅባትና ጨርቅ ቀስ በቀስ ስለሚጠራቀሙ፣ የተለመደው የጠዋትና የማታ ከፍታ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ሲጨምር ያስተዋለ ባለሙያ፣ ፍሳሹ መንገድ ላይ ሳይገነፍል ጠራጊዎችን ሊልክ ይችላል። ክምችቱ ካልተደረሰበት የት ሊደርስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ኋይትቻፔል የተገኘው የቅባት ግግር አሳይቷል፤ ርዝመቱ 250 ሜትር፣ ክብደቱም 130 ቶን ያህል ተገምቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ቱቦው ማፍሰሱንስ በዚሁ መንገድ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በዚህ ነገር የሴንሰር ሻጮችን ቃል ቀነስ አድርጎ መስማት ይበጃል። የመጠጥ ውሃ ቱቦ በግፊት ስለሚሠራ ሲያፈስ ድምፅ ያሰማል፤ አብዛኛው የፍሳሽ ቱቦ ግን በከፊል ብቻ ተሞልቶ በተዳፋት የሚወርድ ስለሆነ ስንጥቁ ዝም ይላል። በፓምፕ የሚገፋው መስመር ብቻ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት የፍሰት መለኪያዎችን ማነጻጸር ትልቁን ብክነት ቢያሳይም፣ ትንሹ ከመለኪያዎቹ የስህተት መጠን ሥር ይደበቃል። የሚቀለው ወደ ቱቦው የሚሰርገውን የከርሰ ምድር ውሃ መለየት ነው፤ ሰው በተኛበት ሌሊት ፍሰቱ መቀነስ ሲገባው ካልቀነሰ የገባ ውሃ አለ። በቱቦው ውስጥ የተዘረጋ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድም የሙቀት ልዩነትን እየተከተለ የሚገባበትን ቦታ ያመለክታል። በክረምት ውሃ የሚያስገባው ያው ስንጥቅ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከቱቦው በታች ሲወርድ ፍሳሽ ስለሚያስወጣ፣ አንዱን መፈለግ ሌላውን መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ጋዝ የሚለካ ሴንሰር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ከፍሳሹ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በቱቦው ጣሪያ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ተለውጦ ኮንክሪቱን ስለሚበላ፣ መለኪያው የነገውን ስንጥቅ ዛሬ ይጠቁማል። ጋዙ ሰውንም ይገድላል፤ ከሚሊዮን የአየር እጅ 100 ያህሉን ሲይዝ ማሽተቻችንን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ብሎ መውረድ አደገኛ ነው። በማንሆሉ ውስጥ የተተከለ ሴንሰር ቢኖርም ወራጁ ሠራተኛ የራሱን የጋዝ መለኪያ መያዝ አለበት።

ጥያቄ፦ መሣሪያዎቹ እዚያ ውስጥ ይበረክታሉ?

መልስ፦ እንደ አያያዛቸው ነው። በፍሳሹ ውስጥ የሚጠልቀው በቅባትና በጨርቅ ይሸፈናል፤ ከላይ የሚሰቀለውን አልትራሳውንድ ደግሞ እንፋሎትና የሸረሪት ድር ያሳስቱታል። የብረት ክዳኑ የሬዲዮ ምልክቱን ያዳክማል፤ በየደቂቃው መረጃ የሚልክ መሣሪያም ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ በአዘቦት ቀን አልፎ አልፎ እየላከ፣ ከፍታው ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ብቻ ቶሎ ቶሎ እንዲልክ ማዘጋጀት ይሻላል።