ነባር የኮክ ዛፎችን ለይቶ ስለ ማቆየት

ጥያቄ፦ ከአባቶቻችን የወረስናቸው በርካታ የኮክ ዛፎች አሉን። የአንዳንዶቹ ፍሬ ትልቅ፣ የሌሎቹ ትንሽ ነው፤ ውስጣቸው ነጭ የሆኑም ቢጫ የሆኑም አሉ። ሁሉንም ማቆየት ስለማልችል፣ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው በፍሬው ትልቅነት መለየትን ይተዉ። የፍሬ መጠን በዛፉ ዕድሜ፣ በውኃ፣ በአፈሩ ለምነትና በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ባለው የፍሬ ብዛት ስለሚለዋወጥ፣ ዘረመላቸው አንድ የሆነ ሁለት ዛፎች እንኳ በመጠን ጨርሶ የማይመሳሰል ፍሬ ሊሰጡ ይችላሉ። ጣፋጭነትም እንደዚሁ ነው።

አካባቢ ብዙም የማይለውጣቸው ባሕርያት ግን አሉ፤ እነርሱም የፍሬው ሥጋ ቀለም፣ ቆዳው ጸጉራም ወይም ልሙጥ መሆኑ፣ ሥጋው ከጠንካራው ዘር በቀላሉ መላቀቁ ወይም መጣበቁ፣ እንዲሁም የአበባው መልክ ናቸው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ምልክት አለ። አንድ የደረሰ ቅጠል ቀጥፈው፣ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በማጉያ መነጽር ቢመለከቱ ጥቃቅን እጢዎች ያገኛሉ። እጢዎቹ በአንዱ ዛፍ ክብ፣ በሌላው የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጨርሶ እጢ የሌላቸው ዛፎችም አሉ፤ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ነጭ ዱቄት በሚመስለው የቅጠል ሻጋታ ይበልጥ ይጠቃሉ። ፍሬ በሌለበት ወቅትም ስለሚታይ፣ እኔ በዚህ ምልክት መጀመርን እመርጣለሁ።

የማበቢያ ጊዜንም ይመዝግቡ። የኮክ እንቡጥ ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች የሆነ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ሲሆን፣ ፍላጎቱ እንደ ዝርያው ከ200 ሰዓት በታች እስከ 1,000 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች በየዓመቱ በዚያው ቅደም ተከተል እየተቀዳደሙ ካበቡ፣ ልዩነቱ ከዘር የመጣ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቢያንስ ሁለት ወቅት መከታተል ግን ያስፈልጋል።

ኮክ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል በመሆኑ፣ ከአንድ እናት ዛፍ ዘር የበቀሉ ዛፎች በጣም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ያም ሆኖ ነጩ የሥጋ ቀለም በቢጫው ላይ ገዢ ስለሆነ፣ የቢጫውን ባሕርይ ደብቆ የያዘ ነጭ ዛፍ ከዘሩ ቢጫ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ በቀለም መለያየት ብቻውን ዝምድና የለም አያሰኝም።

ይህን የሚያጣራው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ለጋ ቅጠል ቆርጦ እርጥበት በሚመጠው በሲሊካ ጄል ማድረቅና ዛፉ በተሰጠው ቁጥር ለይቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ በቂ ነው። የኮክ ክሮሞሶም 8 ጥንድ ብቻ ሲሆን፣ ሙሉ የዘረመል ንባቡም እ.ኤ.አ. በ2013 ስለታተመ ሥራው ከብዙ ፍራፍሬዎች ይልቅ የቀለለ ነው። ሆኖም ምርመራው የሚናገረው ስለ ዝምድና እንጂ ስለ ጣዕም አይደለም። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ በድንገት የተፈጠረ ለውጥ፣ ለምሳሌ በጸጉራም ኮክ ዛፍ ላይ ልሙጥ ፍሬ የሚያፈራ ቅርንጫፍ ሲበቅል፣ በተለመደው ምርመራ ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የዓይን ምዝገባው ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በሁለቱም መንገድ ተመሳሳይ ሆነው ከተገኙት መካከል ጤናማዎቹን ሁለት ዛፎች ማስቀረት ይበቃል፤ የተለየ ሆኖ የተገኘውን ግን ፍሬው ትንሽ ቢሆንም አይቁረጡ። ሲያባዙትም ባሕርዩ እንዳይለወጥ ከዘር ሳይሆን፣ ከቫይረስ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ ዛፍ በተወሰደ ቅርንጫፍ በግራፍቲንግ፣ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጣበቅ ይሁን።