ለተመለጠ የግቢ ሳር የትኛው ዘር ይሻላል?

ከኮምቦልቻ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «የግቢዬ ሳር ሁለት ቦታ ላይ ተመልጧል። አንዱ በሩ አጠገብ፣ ባጃጄን የማቆምበት ነው። ሌላው አቮካዶው ሥር ነው። ደሴ ያለው ልጄ ግቢ ኪኩዩ የሚባለው ሳር አምሮበታል። የእሱን ዘር ልግዛ ወይስ ሌላ ይሻላል?»

ጋሼ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ያለዎትን ሳር ይዩት። ቅጠሉ ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ወፍ እግር ጣት የተዘረጋ ፍሬ ካወጣ ሰርዶ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ጸጉር ያለውና ፈካ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ግን ኪኩዩ ነው። የተመለጠው ቦታ የሚጠገነው በዚያው በራሱ ዓይነት ነው። ሰርዶ መሀል ኪኩዩ ከገባ ሳሩ ዥጉርጉር ይሆናል።

የልጅዎ ግቢ ያማረበት ምክንያት አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኪኩዩ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፣ ቅዝቃዜና እርጥበት ይስማማዋል። ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ለእሷ ፀሐይና ድርቅ የሚችለው ሰርዶ ይሻላል። ራይግራስ የሚል የሌላ ሳር ዘር እሽግ ካገኙም አይቸኩሉ። በሳምንት ውስጥ በቅሎ ያስደስትዎታል፣ የግንቦት ሙቀት ሲመጣ ግን ይጠወልጋል።

እኔ ብሆን የሰርዶ ዘር ጭራሽ አልገዛም። ሰኔ ላይ የሚያርስ ገበሬ ሰርዶን እንደ ጠላት ከማሳው ነቅሎ ዳር ላይ ይከምረዋል። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቢለምኑት ደስ ብሎት ይሰጥዎታል። እንግጫ እንዳይቀላቀልበት ብቻ ይምረጡት። ከራስዎ ግቢ ዳር ቢቆርጡም ይሆናል።

በሩ አጠገብ ያለው ችግር የዘር አይደለም፣ መሬቱ ተረግጦ ደርቋል። ምስማር በአውራ ጣትዎ ገፍተው ይሞክሩት፤ አልገባም ካለ ሥርም አይገባም። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው በደንብ የበሰለ ፍግ ይቀላቅሉበት። ጥሬ ፍግ አይጨምሩ፣ ሥሩን ያቃጥላል፣ አረምም ያመጣል። ከዚያ ሦስት አራት አንጓ ያለውን ቁራጭ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ። ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ፣ ጫፉ ውጭ ይቅር። በእግርዎ ጫን ጫን ያድርጉትና ያጠጡት። ባጃጁ እስከ መስከረም ሌላ ቦታ ይደር።

ዘር ካልሆነ ካሉ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ግራም ይበቃል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ይበትኑት። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አይቅበሩት። የሐምሌ ዶፍ ጠርጎ እንዳይወስደው ስስ ጭድ ያልብሱት።

አቮካዶው ሥር ግን አይድከሙ። ሰርዶ ጥላ አይወድም፣ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። የታችኞቹን ቅርንጫፎች መልምለው ብርሃን ካስገቡለት ዳር ዳሩን ይይዛል። ግንዱ ሥር የረገፈውን ቅጠል እዚያው ይተዉለት፤ አቮካዶው ራሱ ይወደዋል።