የመኪናው ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ልጆች፣ ጅማ ውስጥ በመጋዘን ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኅዳር ገብቶ የቡናው ወቅት ሲሟሟቅ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች በየመጋዘኑ በር ይሰለፋሉ። ሁሉም ቀድሞ ጭኖ የአዲስ አበባን መንገድ መያዝ ይፈልጋል። ያ ጥድፊያ ያስፈራኛል። ፎርክሊፍት፣ ማለትም ጭነት በብረት ሹካ የሚያነሳውን ማሽን፣ የምትነዱም፣ አጠገቡ በእግራችሁ የምትሠሩም ስሙኝ።

ጭነት ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ልመዱ፦ የመኪናው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከኋላ ያለውን አያይም። የሚሰማው ረዳቱ ቦዲውን ሲመታለት ነው። መታ መታ ከተደረገ "አልቋል፣ ሂድ" ማለት ነው። ጆንያ ወድቆ ቦዲውን ቢመታስ? ፎርክሊፍቱ ተሳቢው ውስጥ እያለ መኪናው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ጆንያ እስኪገባ ቁልፉ ጭነቱን በሚመራው ሰው ኪስ ይሁን። ሹፌሩ ቅር ቢለው ይበለው።

ቀጥሎ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ወደ 4 ቶን ይጠጋል። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 20 ሲሸከም 1200 ኪሎ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ክብደት ከመጫኛው መድረክ ወደ ተሳቢው በገባና በወጣ ቁጥር ተሳቢውን በትንሽ በትንሹ ከመድረኩ ያርቀዋል። በዓይን አይታወቅም። ክፍተቱ ሰፍቶ መሸጋገሪያው ብረት ሲንሸራተት ግን ፎርክሊፍቱ ከነሰው ይወድቃል። በየመሃሉ ወርዳችሁ እዩት። የወለሉንም ጣውላ እዩ፤ የበሰበሰ ካለ አትግቡ። ከመኪናው ተፈቶ የቆመ ተሳቢ ከሆነ ፊቱ በደንብ ሳይደገፍ እንዳትሞክሩት፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሊደፋ ይችላል።

እናንተ ጆንያ ቆጣሪዎች በጣም ታሳስቡኛላችሁ። ዓይናችሁ ወረቀት ላይ ነው፣ ጀርባችሁ ግድግዳ ላይ። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው። ፊቱ ወደ ግራ ሲዞር ኋላው ወደ ቀኝ ይወረወራል፣ በማሽኑና በግድግዳው መሃል የቆመውን ይጨፈልቃል። ክላክስ ሰማሁ ብላችሁ አትለፉ። ኦፕሬተሩ ዓይናችሁን አይቶ እስኪቆም ጠብቁ። ከተነሣ ጭነት ሥር ደግሞ ለአፍታም አትቁሙ።

ኦፕሬተሮች፣ ጭነቱን ከመሬት 15 ሳንቲም ያህል ብቻ አንሥታችሁ ሂዱ። ጭነቱ ፊታችሁን ከጋረደባችሁ ግን የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ወደ ኋላ ንዱ። ዳገትም ቁልቁለትም ላይ ጭነቱ ምንጊዜም ወደ ዳገቱ ይዙር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃ የያዘ ጎማ ብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ጥረጉት።

ቀበቶ እሰሩ። ማሽኑ መገልበጥ ከጀመረ ሰውነታችሁ "ዝለል" ይላችኋል። አትዝለሉ! የዘለለውን የማሽኑ ጣሪያ ሊደፍቀው ይችላል። መሪውን ጨብጣችሁ፣ እግራችሁን ተክላችሁ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒው ዘንበል በሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምራችሁና የአደጋ መከላከያ እንዲሰጣችሁ ያስገድደዋል። ሳትሠለጥኑ "ዛሬን ብቻ ንዳው" የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ፣ ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም እምቢ በሉ። የሠለጠነ ሰው እስኪገኝ ቡናው መጋዘን ውስጥ ይደር።