ደብረ ሊባኖስ፦ ወንዙ፣ ድልድዩና ጭላዳዎቹ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት አስቤያለሁ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መዋል ሰልችቶናል፤ ወንዝ ዳር በእግራችን ብንሄድ፣ እግረ መንገዳችንንም ታሪክና የዱር እንስሳ ብናይ ነው ያሰኘን። ደብረ ሊባኖስ ያለውን የፖርቱጋሎች ድልድይ ሰው ነግሮኛል። ለልጆች ይሆናል? ደግሞስ እውነት ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት? (እናት፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጥሩ ቦታ ነው የጠቆሙዎት። በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፈው፣ ፍቼ ሳይደርሱ መገንጠያውን ያገኙታል። እስከ ድልድዩ ያለው የእግር መንገድ አጭር ነው፤ ልጆችም አይቸገሩም።

ድልድዩን ግን ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። ስሙ ተለጥፎበት ቀረ እንጂ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ። ፖርቱጋሎቹ በ1541 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ገብተው ከግራኝ አህመድ ጦር ጋር የተዋጉት በአብዛኛው ሰሜን ውስጥ ነው። የራስ ዳርጌ ሥራ ለሌላ ሲሰጥ እኔን ይቆረቁረኛል። ልጆችዎ ትክክለኛውን ስም ይወቁት።

የጥንቱን ታሪክ የሚያገኙት ገዳሙ ጋ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲመሠርቱት ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በግራኝ ዘመን ተቃጥሏል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ ተጨፈጨፉ፤ ይሄን ለልጆች በዕድሜያቸው ልክ መንገር ነው። አሁን የሚታየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ነው። ጻድቁ ጸለዩበት የሚባለው ዋሻ ግን ከገደሉ ሥር አሁንም አለ፤ ጠበሉን ፈልጎ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

ልጆቹ የሚወዱት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እንደሚሆን አልጠራጠርም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ኑሮው ሣር ነው፤ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን ይነጫል፣ እፍኙ ሲሞላ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ሳይነሳ በቂጡ ሸርተት ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ወንዱ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳም ከሩቅ ይታያል። ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል፤ ያኔ ራቅ ማለት ነው። ምግብ አይስጧቸው፣ አንዴ ከለመዱ የሰው ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቁን ቁራም ይፈልጉ፤ እሱም ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወንዙ ውኃ አለው፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ወደ ገደሉ ሲወረወር ያያሉ፣ መንገዱም እንደ ክረምቱ አያዳልጥም። በበጋ ውኃው በጣም ይቀንሳል። ጭላዳዎቹ ሌሊት ገደል ውስጥ አድረው ጠዋት ነው ወደ ሜዳው የሚወጡት፣ ስለዚህ በማለዳ ተነሱ፤ መጀመሪያ ድልድዩ ጋ፣ ከዚያ ገዳሙ። ነጠላ አይርሱ። ገደሉ አፋፍ ላይ ልጆቹን እጃቸውን ይያዙ፣ አጥር የለውም። ከመነሳትዎ በፊትም የመንገዱን ሰላም እዚያው አካባቢ ካለ ሰው ደውለው ይጠይቁ።