"ስሎቱ ሞቷል" ከመባሉ በፊት፦ የራም ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ስሎት፣ ማለትም ራሙ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ ስለሚሰካበት ቦታ፣ የላካችሁልኝ ጥያቄ ተጠራቅሟል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ስሎት እንደሚወራው ቶሎ ቶሎ አይሞትም። ደህና ማዘርቦርድ "ስሎቱ ሞቷል" ተብሎ ሲጣል ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፣ ለብዙ ሰው የቦርድ ዋጋ ቀላል ገንዘብ አይደለምና።

ጥያቄ፦ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም አለኝ፣ ኮምፒውተሩ ግን 8 ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠጋኙ ቦርድ ቀይር ብሎኛል። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቀይር። መጀመሪያ ጥፋቱ የራሙ ነው የስሎቱ የሚለውን እንለይ። አጥፍተህ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። አንዱን ራም ብቻ በሚሠራው ስሎት ሰክተህ አስነሳ። እሱን አውጥተህ ሁለተኛውን እዚያው ስሎት ላይ ሞክር። ሁለቱም ካስነሱ ራሞቹ ደህና ናቸው። አሁን አንዱን ራም ይዘህ ስሎቶቹን በየተራ አዳርስ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ሦስተኛ ሙከራ ላይ ስትደርስ የቱ የት እንደነበር ይምታታብሃል። ችግሩ ራሙን እየተከተለ ከሄደ ራሙ ነው፤ አንድ ስሎት ላይ ከቀረ ደግሞ ከታች ያለውን አንብብ። አንዳንድ ቦርድ ራሙ አንድ ብቻ ሲሆን የተወሰነ ስሎት ላይ ካልገባ አይነሳም፣ ስለዚህ ማኑዋሉን አይተህ ፍረድ።

ጥያቄ፦ ሳበራው ይጮሃል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ቤታችን አቧራ ይበዛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጮሁ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቦርዱና ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ አንጎል) በሕይወት አሉ ማለት ነው። ራሞቹን በሙሉ አውጥተሽ አብሪው። የጩኸቱ ዓይነት ካልተቀየረ ቦርዱ ራሙን እያየው አይደለም። የጩኸቱ ቁጥር ግን እንደ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ስለሚለያይ የሌላ ቦርድ ሰንጠረዥ አትመኚ።

ከዚያ ጽዳት። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ አሺ፣ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ። አልኮል ካለሽ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን በጨርቅ ነክተሽ ጥረጊበት፣ እስኪደርቅም ጠብቂ። ስሎቱ ውስጥ ላጲስ አይገባም፤ እዚያ ንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። በአፍ እፍ ማለትም ይቅር፣ ምራቅ ይገባበታል። ስትመልሺው ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኚ፣ ቀጭ እስኪል። ከሚመጡልኝ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሚነሱት እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ 4 ስሎት፣ 2 ራም። የት ላስገባ?

መልስ፦ በአብዛኛው ቦርድ ከሲፒዩው በኩል ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ላይ።

ጥያቄ፦ የሲፒዩ ማቀዝቀዣ ከቀየርኩ በኋላ ለሲፒዩው የሚቀርቡት ሁለት ስሎቶች አብረው ጠፉ። ከራም ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ በጣም ይገናኛል፣ ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ድሮ ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 በዴስክቶፕ ሲፒዩዎቻቸው ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ ከስሎቱ የሚነሳው መስመር በሲፒዩው እግሮች (ፒኖች) በኩል ያልፋል። አንዲት ፒን ከተጣመመች፣ ሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት ከፈሰሰባት ወይም ማቀዝቀዣው በአንድ በኩል ጠብቆ ሲፒዩውን ካዘነበለው አንድ ሙሉ ቻናል፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስሎቶች፣ አብረው ይጠፋሉ።

አንድ ጊዜ ልክ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ይዤ ሁለት ቀን ራም ሳጸዳና ስቀያይር ከረምኩ። መጨረሻ ላይ የማቀዝቀዣውን አራት ብሎኖች አላልቼ በአግድም እየተሻገርኩ፣ ትንሽ ትንሽ አድርጌ መልሼ አጠበቅኩ። ሁሉም ራም ታየ። ከእሱ ወዲህ ቻናል ሲጠፋ መጀመሪያ የምነካው ብሎኑን ነው። ካልተስተካከለልህ ሲፒዩውን አንስተህ ፒኖቹን በስልክ መብራት ከጎን ተመልከት፣ ፎቶ አንስተህም አጉላው። ኢንቴልና የኤኤምዲ ኤኤም 5 (የሲፒዩ መሰኪያ ዓይነት ነው) ፒናቸው ቦርዱ ላይ ነው፣ የቀድሞው ኤኤም 4 ደግሞ ሲፒዩው ላይ። የተጣመመ ካገኘህ እጅህ የማይንቀጠቀጥ ካልሆነ አትንካው፣ ለሚችል ሰው ስጥ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዲዲአር 3 ራም በርካሽ ገዛሁ። የእኔ ኢንቴል ላይ እምቢ አለ፣ የጓደኛዬ ኤኤምዲ ላይ ይሠራል።

መልስ፦ ስሎትህ ምንም አልሆነም። ኢንቴል የማይቀበለው የቺፕ አደረጃጀት ያለው፣ ለኤኤምዲ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ራም አለ፣ እሱ ነው የደረሰህ። የሰርቨር ራምም ተጠንቀቅ፤ ስሎቱ ውስጥ ልክ ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን አያስነሳም። ተለጣፊው ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር አጠገብ አር የሚል ፊደል ካየህ ተወው። ያገለገለ ራም ስትገዛ የራስህን ኮምፒውተር ይዘህ ሂድ፣ እዚያው አስነስተህ ክፈል።

ጥያቄ፦ ባዮስ 8 ጊጋ ይላል፣ ዊንዶውስ ግን 3 ጊጋ ገደማ ብቻ ይጠቀማል።

መልስ፦ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው የጫንከው። ባለ 64 ቢቱን ጫን፣ ስሎቱን አትንካ።

ጥያቄ፦ አዲስ ኤኤም 5 ገጠምኩ፣ አበራሁት፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

መልስ፦ ታገስ። ያንተ ዲዲአር 5 ራም መጀመሪያ ሲበራ ቦርዱ ራሙን ይለማመዳል፣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። በመሃል አታጥፋው። ሩብ ሰዓት አልፎም ካልመጣ አንድ ራም ብቻ ትተህ ሞክር፣ የባዮሱን ማስተካከያም ወደ መነሻው መልስ።

ጥያቄ፦ ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ራሞቹ ደህና፣ ፒኖቹ ደህና፣ አንዷ ስሎት ብቻ አልሠራም አለች።

መልስ፦ እንግዲያውስ በመብራት ውስጧን እይ፣ የገባ ነገር ወይም የተጣመመ ጥርስ ይኖራል። ከሌለ እሷን ተዋትና በቀሩት ሥራ። ለምሳሌ በሁለት ባለ 8 ፈንታ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም በደህናው ስሎት መጠቀም ትችላለህ፣ ቦርዱ የሚቀበል ከሆነ። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ለቢሮ ሥራና ለትምህርት ግን አይታወቅህም። ሌሊቱን ሜምቴስት (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) አስኪደህ እደር። ጠዋት አንድም ስህተት ካላሳየህ ቦርዱ ገና ያገለግልሃል።